ዜና መዋዕልና ሲስሞግራፍ፤ የማይገናኙ የሚመስሉ የምርምር ዘርፎች በአንድ ዩኒቨርሲቲ



አንድ ዩኒቨርሲቲ በዓመት ውስጥ ያካሄዳቸውን የምርምር ርእሶች በአንድ ዝርዝር ቢያወጣ አንባቢው መደናገሩ አይቀርም። የስንዴ ዋግ ከቅኔ ቤት ታሪክ፣ የወባ ትንኝ ከባንክ ሕግ፣ የድልድይ ብረት ከኦሞአዊ ቋንቋዎች ሰዋስው ጋር ተሰልፈው ይታያሉ። ይህን የሚመለከት ሰው ሁለት ጥያቄዎችን ማንሣቱ የተለመደ ነው። የመጀመሪያው «እነዚህን ምን ያገናኛቸዋል?» የሚል ነው። ሁለተኛው የበጀት ጥያቄ ሲሆን «ከእነዚህ መካከል ለአገር የሚጠቅመው የትኛው ነው?» ይላል። የዛሬው ንግግሬ ለሁለቱም መልስ የሚፈልገው ከአንድ የታሪክ ምሳሌ፣ ይኸውም በአገራችን የመሬት መንቀጥቀጥ ጥናት ከተጀመረበት ሁኔታ ነው። ዓመተ ምሕረት ብዬ ካልገለጽሁ በቀር የምጠቅሳቸው ዘመናት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩ የሚጀምረው ከማግኔት ጥናት ነው። በ1957 እና 1958 የዓለም ሳይንቲስቶች «ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት» በሚል ስያሜ ምድርን በጋራ ሲያጠኑ፣ አዲስ አበባ ለምድር የማግኔት ወገብ ቅርብ በመሆኗ ተፈላጊ ሆነች። በዚያ መስመር ላይ በላይኛው ከባቢ አየር የሚያልፈውን የኤሌክትሪክ ፍሰት ከመሬት ሆኖ ለመለካት ቦታው የተመቸ ነበርና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ተቋቋመ። ሥራውን የመሩት የኮሌጁ የፊዚክስ መምህርና የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል የነበሩት ካናዳዊው አባ ፒየር ጉዋን ነበሩ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ አሜሪካ ከመሬት በታች የሚካሄዱ የኑክሌር ፍንዳታዎችን ለመለየት በብዙ አገሮች አንድ ዓይነት ሲስሞግራፎችን ስትተክል፣ አዲስ አበባም ከጣቢያዎቹ አንዷ ሆነች። እንግዲህ አንዱ መሣሪያ ለማግኔት፣ ሌላው ለጦር መሣሪያ ቁጥጥር የመጣ ነበር፤ ሁለቱም ሲመጡ የከተማዋን ሕንጻዎች ደኅንነት ማጥናት የተነሡበት ዓላማ አልነበረም።

ጥያቄውን ያመጣችው መሬት ራሷ ናት። በ1961 በግንቦት መጨረሻና በሰኔ መጀመሪያ በካራቆሬ አካባቢ ተከታታይ ንቅጥቅጥ ደረሰ፤ ማጀቴ ፈረሰች፣ ካራቆሬም ክፉኛ ተጎዳች። በ1969 ደግሞ በአፋር የምትገኘው የሰርዶ ከተማ ፈረሰች። ግድብ፣ መንገድና ፎቅ መሥራት በጀመረች አገር መሐንዲሶች መጠየቅ የነበረባቸው ጥያቄ ግልጽ ነበር፤ እንዲህ ያለው አደጋ በምን ያህል ዘመን አንዴ ይመለሳል?

ለዚህ ጥያቄ ሲስሞግራፉ ብቻውን መልስ አልነበረውም። ብርቱ ንቅጥቅጥ በአንድ ስፍራ ተመልሶ ለመምጣት ብዙ አሥርት ዓመታት፣ አንዳንዴም መቶ ዓመታት ይፈጅበታል፤ መሣሪያው ግን የመዘገበው የጥቂት ዓመታትን ብቻ ነበር። በነሐሴ 1906 ከስምጥ ሸለቆ ተነሥቶ አዲስ አበባን ያናወጠው ንቅጥቅጥ እንኳ የደረሰው በአገሪቱ አንድም መመዝገቢያ ባልነበረበት ዘመን ነው። ስለዚህ የፊዚክስ መምህሩ መሣሪያቸው ሊደርስበት ወደማይችለው ዘመን ለመሻገር ወደ ነገሥታት ዜና መዋዕሎች፣ ወደ ተጓዦች ማስታወሻና ወደ መልእክተኞች ደብዳቤ ዘወር አሉ። የድካማቸው ፍሬ የሆነውና ከ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ የሚዘረዝረው መጽሐፍ በ1979 ኦታዋ ላይ ታተመ።

እዚህ ላይ የአሠራሩን ረቂቅነት ማየት ይገባል። ዜና መዋዕል ጸሐፊው አንድን ድልቅልቅ ሲጠቅስ የሚጽፈው ለመሐንዲስ አይደለም። ዘመኑን በንጉሡ የንግሥና ዓመት ወይም በወንጌላዊው ስም ሊያሰፍረው ይችላል፤ ይህን ወደ ትክክለኛ ቀን ለመመለስ ባሕረ ሐሳብ ማወቅ ግድ ነው። ቦታውን የሚናገረው ቤተ መንግሥቱ ከሰፈረበት ድንኳን ተነሥቶ ነው፤ ንጉሡ በዚያ ወር የት እንደ ነበረ የሚያረጋግጠው የታሪክ ተመራማሪ ነው። «ምድር ተናወጠች» የሚለው ሐረግ የእውነት ንዝረት ይሁን የጦርነትን ሽብር የሚገልጽ ዘይቤ፣ ይህን የሚለየው የቋንቋውን ልማድ የሚያውቅ ፊሎሎጂስት ነው። ይህ ሁሉ ከተጣራ በኋላ ብቻ የሲስሞሎጂ ባለሙያው ስንት ቤት እንደፈረሰ፣ የተኛ ሰው ነቅቶ እንደሆነ፣ ወሬው እስከ የት አገር እንደተሰማ ከጽሑፉ ለቅሞ የንቅጥቅጡን ብርታትና መነሻ መገመት ይችላል። በአንዱ እርከን የተፈጠረ ስሕተት ወደ ሌላው ይተላለፋል። የግእዝ ዘመን አቆጣጠርን የሳተ ሰው አንዱን ንቅጥቅጥ ሁለት አድርጎ ሊቆጥር ይችላል፤ ያ ስሕተት ደግሞ መጨረሻ ላይ ለሕንጻ የሚታዘዘውን የብረት መጠን ይነካል።

አባ ጉዋን ይህን ሲያዘጋጁ ከቤተ መዛግብቱ ሊያገኙት ያልቻሉት ብዙ ነበር። የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሣቱ ሥራ የተጀመረው በ1973 ሲሆን፣ የተነሡት ከ8,000 ይበልጣሉ። የእነዚህን ካታሎግ በማዘጋጀት ቀዳሚውን ድርሻ የያዙት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በ1975 በጥይት ተመትተው ከወገባቸው በታች መንቀሳቀስ ከተሳናቸው በኋላ ወደ አሜሪካ ተሻግረው፣ በሚኒሶታ ኮሌጅቪል ብራናዎቹን አንድ በአንድ ሲያነብቡና ሲገልጹ ኖረዋል፤ በ1988 የማካርተር ሽልማት ተቀብለዋል። ከካታሎጉ ጥራዞች አብዛኞቹ የታተሙት ከአባ ጉዋን መጽሐፍ በኋላ ነው። በወንጌል ኅዳግ ላይ ከርስት ስጦታና ከሽያጭ ውል ጋር ስለ ረኀብ፣ ስለ አንበጣና ስለ ፀሐይ ግርዶሽ የተጻፉ ማስታወሻዎች መኖራቸው የታወቀ ነው። እነዚህን ኅዳጎች በመሬት መንቀጥቀጥ ዓይን አንድ በአንድ መመርመር ለአንድ የዶክትሬት ተማሪ የሚበቃ፣ ምናልባትም የሚተርፍ ሥራ ነው።

የጽሑፍ መረጃ የራሱ ዕውር ስፍራ እንዳለውም መዘንጋት የለብንም። ዜና መዋዕል የሚጻፈው ቤተ መንግሥትና ገዳም ባለበት ነው። በዚህ የተነሣ የሰሜኑና የመካከለኛው ደጋ ታሪክ ጎልቶ ሲታይ፣ መሬት እጅግ የሚናወጥበት የአፋር ቆላ ዝም ያለ ይመስላል። ይህ ዝምታ የጸሐፊ አለመኖር እንጂ የንቅጥቅጥ አለመኖር ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ክፍተቱን ለመሙላት የአፋርኛ ሥነ ቃልን የሚያጠና የቋንቋ ባለሙያ፣ የጎሣን የትውልድ ቆጠራ የሚያውቅ አንትሮፖሎጂስትና የድንጋይን ዕድሜ የሚለካ ጂኦሎጂስት ያስፈልጋሉ።

ምሳሌው ብቸኛ እንዳይመስል ሌላ ላክል። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ ስለ ቢልሃርዝያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ ባለው ውኃ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። በሽታውን የሚያስተላልፈው ተውሳክ በቀንድ አውጣ ውስጥ የሚያድግ በመሆኑ ትዝብቱ ወደ ረጅም ምርምር አመራ። በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ሽልማት ሲቀበሉ፣ በዚያው ዓመት የአገር በቀል አዝርዕትን ዘር ከገበሬዎች ጋር በመጠበቅ የታወቁት ዶክተር መላኩ ወረደም ተሸልመዋል። የሁለቱም ምርምር መነሻ በየትኛውም ፋኩልቲ ያልተመዘገበ ዕውቀት፣ የአጣቢዎችና የገበሬዎች ዕውቀት ነበር።

ይሁን እንጂ ከዚህ ተነሥቼ ሁሉም ምርምር አንድ ቀን ለተግባር ይውላል ብዬ አልከራከርም። ብዙ ጥናት ከመደርደሪያ ሳይወርድ ይቀራል፤ በጀትም ወሰን አለው፤ የሚመድበው አካል መምረጡ አይቀርም። የታሪኩ ትምህርት ከዚህ ጠበብ ያለ ነው። ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላ የትኛው ዘርፍ ለየትኛው እንደሚያስፈልግ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም፤ አንድ ዘርፍ አንዴ ከተቋረጠ ግን በተፈለገ ዕለት አይገኝም። ሲስሞግራፍ ከውጭ ሊገዛ ይችላል። የኅዳግ ግእዝ የሚያነብብና ባሕረ ሐሳብ የሚያሰላ ተመራማሪ ግን ብዙ ዓመት ፈጅቶ የሚበቃ ነው። ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ከዩኒቨርሲቲ ገቢ ተማሪዎች 70 በመቶው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ወደ ማኅበራዊና ሰብአዊ ዘርፎች እንዲመደቡ ሲደረግ መሐንዲስ የማብዛት ፍላጎቱ ተገቢ ነበር። ክፍፍሉ ያላየው፣ መሐንዲሱ የሚመካበት ቁጥር ከፊሉ የሚመጣው ከዚያው ከ30ው በመቶ ወገን መሆኑን ነው።

ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አለመሆኑን ሁላችንም በቅርቡ በአካል አይተናል። ከመስከረም 2024 መጨረሻ ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ በተከታታይ በደረሰው ንቅጥቅጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ከቀያቸው ተነሥተዋል፤ በአዲስ አበባ ፎቅ ላይ የሚኖሩም ንዝረቱ ተሰምቷቸዋል። ያን ጊዜ ሕዝቡ የጠየቀው፣ «ከዚህ በፊት እንዲህ ሆኖ ያውቃል? ያን ጊዜስ መጨረሻው ምን ሆነ?» እያለ ነበር። ይህ በይዘቱ የታሪክ ጥያቄ ነው።

ስለዚህ ለፋኩልቲያችን ሦስት ሐሳቦችን አቀርባለሁ። አንደኛ፣ የታሪክ፣ የፊሎሎጂና የጂኦፊዚክስ ትምህርት ክፍሎች በጋራ የሚያማክሯቸው የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ይኑሩ፤ የሁለት ክፍሎች ፊርማ ያለበት የመመረቂያ ጽሑፍ እንደ እንግዳ ነገር አይታይ። ሁለተኛ፣ የካታሎግ ሥራ፣ የመዝገበ ቃላት ዝግጅትና የመስክ መዝገብ በማዕረግ ዕድገት ጊዜ እንደ ምርምር ይቆጠሩ፤ ሌላው ሁሉ የሚቆመው በእነርሱ ላይ ነውና። ሦስተኛ፣ የአባ ጉዋን ዝርዝር በብራናዎቹ ኅዳግና በቆላው ሥነ ቃል ተፈትሾ፣ ተስተካክሎና ተጨምሮበት በራሳችን ቋንቋ ይታተም። የመጀመሪያው ሥራ፣ የማስታወሻዎቹ ለቀማ፣ ከቤተ መጻሕፍታችን የማይክሮፊልም ማንበቢያ ሌላ የሚጠይቀው አዲስ መሣሪያ የለም፤ በመጪው ሴሚስተር ሊጀመር ይችላል።