የኋላ ጎማ ለምን ከመሥመሩ ይወጣል?

በዚህ ዐምድ ብዙ ጊዜ ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነቶች ጽፈናል። ዛሬ የምንጽፈው ስለ ብስክሌት የኋላ ጎማ ነው። ይህ ለታሪክ ዐምድ አይመጥንም የሚል አንባቢ ቢኖር አንቀየመውም፤ እኛም ራሳችን በዚሁ ጎማ ምክንያት ሰው በድለን እስክንገኝ ድረስ ታሪክ ያለው ነገር አይመስለንም ነበር።

እንደሚታወቀው ሞተር ሳይክል ካምፓችንን ሳያጥለቀልቀው በፊት በካኩማ መንገዶች ሰውንም ጀሪካንንም የምታመላልሰው ኬንያውያን «ብላክ ማምባ» የሚሏት ከባዷ ጥቁር ብስክሌት ነበረች። እኛም አምስት ጓደኛሞች ገንዘብ አዋጥተን አንዲት ሕንድ ሠራሽ ገዛን፤ በተራ እየነዳን ገቢውን እንካፈል ነበር። ታዲያ ይህች ብስክሌት አንድ ክፉ ዐመል ነበራት። ሰው ጭነን የላጋውን አሸዋ ስናቋርጥ ወይም ከመቀመጫው ተነሥተን ቆመን ስንረግጥ የኋላው ጎማ ይጣመምና የግራውን ቱቦ ይፍቃል። ከግራሩ ሥር ተቀምጦ የሚጠግነው ወጣት አስተካክሎ ያጠብቀዋል፤ በማግሥቱ ተመልሶ ይጣመማል። ሦስት ጊዜ ከፈልነው። በአራተኛው «አንተ፣ ሆን ብለህ አላልተህ ነው የምትሰጠን፤ እንድንመላለስልህ ነው» ብለን ዋጋውን ከለከልነው። ልጁ «ወንድሞቼ፣ እኔ አጥብቄዋለሁ» ከማለት በቀር አልተከራከረንም።

በዚያው ሳምንት ማታ ትኩሳት የያዘው ሕፃን ያዘለች እናት ጭነን ወደ ሆስፒታል ስንሄድ ጎማው ከቱቦው ጋር ተጣብቆ ከአሸዋው መካከል ገተረን። እናትየው ወርዳ የቀረውን መንገድ በእግሯ ሮጠች። ሕፃኑ ድኗል። እርሷ ግን ከዚያ ወዲያ እኛ ብስክሌት ላይ አልወጣችም።

ወጣቱን ልንከስ ሽማግሌዎች ዘንድ ቀረብን። ከመካከላቸው አንዱ በልጅነታቸው አሥመራ ውስጥ ብስክሌት ሲጠግኑ ያደጉ አባት ነበሩ። ክሱን እስከ መጨረሻው እንኳ ሳይሰሙ «ልጆቼ፣ ልጁን ተዉትና መጀመሪያ ብስክሌቷን አምጧት» አሉን። ከዚህ በታች የምናቀርበው በከፊል ከእርሳቸው አፍ የሰማነው፣ በከፊልም ከዚያ በኋላ አንብበን ያገኘነው ነው። የዘመን ቁጥሩ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑ ይታወቅልን።

ብስክሌት ከጥንት ይህ ችግር አልነበረባትም። በ1870ዎቹ በአውሮፓ የተለመደችው ባለ ትልቅ የፊት ጎማ ብስክሌት ፔዳሏ በቀጥታ ከፊተኛው ጎማ ጋር የተያያዘ ነበር። ካቴና አልነበራትም፤ ስለዚህ የኋላውን ጎማ ወደ አንድ ወገን የሚጎትተው ኃይል አልነበረም። የእርሷ ጥፋት ሌላ ነው፤ ነጂው ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ ጎማዋ ድንጋይ ሲመታ በግንባሩ ይደፋል። በ1885 ጆን ኬምፕ ስታርሊ የተባለ እንግሊዛዊ በኮቨንትሪ ከተማ «ሮቨር» የተባለችውን ብስክሌት አወጣ። ጎማዎቿ ለመተካከል የቀረቡ፣ ነጂውም ወደ መሬት የቀረበ ሲሆን፣ የእግር ኃይል ወደ ኋላ ጎማ የሚደርሰው በካቴና ነበር። እኛ የምንነዳት ጥቁር ብስክሌት የዚያች የልጅ ልጅ ናት።

ካቴና ግን እየዋለ ሲያድር ይረዝማል። ብረቱ ተለጥጦ አይደለም፤ በየመጋጠሚያው ያለው ምስማር እየተፋቀ ስለሚያልቅ ነው። 1 ሜትር ከ30 ሳንቲም የሆነ ካቴና ከመቶ አንድ እጅ ብቻ ቢረዝም 13 ሚሊሜትር ይላላል ማለት ነው፤ ይህን ለመወጠር ጎማውን 6 ወይም 7 ሚሊሜትር ያህል ወደ ኋላ መሳብ ግድ ይሆናል። ስለሆነም የኋላው ጎማ ፔርኖ የሚቀመጥበት ቦታ ክብ ቀዳዳ እንዲሆን አልተደረገም፤ ረዘም ያለ፣ በአንድ ወገን አፉ የተከፈተ ሽንቁር ተደረገ። ካቴናውን እንድንወጥር የሚፈቅድልን ይኸው ሽንቁር ነው፤ ጎማው እንዲያመልጥ የሚፈቅድለትም እርሱው ነው። በሁለቱ ጫፍ ያሉት ዳዶዎች ቆንጥጠው ካልያዙት ሌላ የሚይዘው ነገር የለም።

ዳዶዎቹ የሚታገሉትስ ምን ያህል ኃይል ነው? የፔዳሉ ክንድ 17 ሳንቲሜትር ገደማ ሲሆን ካቴናው የሚዞርበት ትልቁ ጥርስ ከመካከሉ እስከ ዳሩ 9 ሳንቲሜትር አካባቢ ነው። ስለዚህ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በአንድ ፔዳል ላይ ሲቆም ካቴናው ከ110 ኪሎ በማያንስ ኃይል ይሳባል። ያውም የሚስበው በቀኝ በኩል ብቻ ነው። የፔርኖው ቀኝ ጫፍ ወደ ፊት ይንሸራተታል፣ የጎማው ግንባርም ወደ ግራ ዞሮ ቱቦውን ይነካል። የእኛም ብስክሌት ሁልጊዜ ግራውን እንጂ ቀኙን ፍቃ የማታውቀው ለዚህ ነበር። ይህን ሳናስተውል መክረማችን ያሳፍራል።

በዚህ ነገር የተቸገርን እኛ ብቻ አይደለንም። በ1903 በተጀመረው የፈረንሳይ ዙር ተወዳዳሪዎቹ ለረጅም ዘመን ማርሽ መለወጫ አልተፈቀደላቸውም ነበር። በኋላው ጎማ ግራና ቀኝ የተለያየ ጥርስ ያደርጉና ዳገት ሥር ሲደርሱ ወርደው፣ ዳዶውን ፈትተው፣ ጎማውን ገልብጠው እንደገና ያስራሉ፤ በውርጭ በደነዘዘ ጣት ጭምር። መለወጫው የተፈቀደው በ1937 ነው። ቱሊዮ ካምፓኞሎ የተባለው የቪቼንሳ ተወላጅ ጣሊያናዊ ተወዳዳሪም በ1927 በበረዶ ተራራ ላይ ዳዶው አልፈታ ብሎት ውድድሩ እንዳመለጠውና ጎማን ያለ መፍቻ በእጅ የሚያስፈታውን ማሰሪያ ለመሥራት የተነሣው በዚያ ንዴት እንደሆነ ይተረካል። በ1940ዎቹ ደግሞ ይኸው ሰው «ካምቢዮ ኮርሳ» የተባለ መለወጫ አወጣ፤ ነጂው እየሄደ የኋላውን ጎማ አላልቶ፣ ካቴናውን ወደ ሌላ ጥርስ አዛውሮ መልሶ ያጠብቃል። እየሄዱ ጎማ ማላላት ለሰሚው እብደት ይመስላል። ምሥጢሩ ግን ሽንቁሩም ፔርኖውም ጥርስ የተበጀላቸው መሆኑ ነው፤ ግራና ቀኙ እኩል ይሄዳል እንጂ አንዱ ሌላውን ቀድሞ ጎማውን አያጣምምም። ጂኖ ባርታሊ በ1948 የፈረንሳይን ዙር ያሸነፈው በዚህ መሣሪያ ነበር።

እግረ መንገዳችንን አንድ ነገር እናንሣ። ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ፔርኖ፣ ካቴና፣ ራጂ፣ ቸርኬ የምንላቸው ቃላት ሁሉ የጣሊያን ናቸው። ከቅኝ ገዢው ጋር መጡ፤ እርሱ ሲሄድ እነርሱ ከጠጋኙ እጅ ሳይወጡ ቀሩ። በ1946 የኤርትራ ዙር ውድድር ተካሄደ፤ ኢትዮጵያም በ1956 ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ስትሳተፍ ብስክሌተኞች አሰልፋ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የላላውን ካቴና ሞላ ያለው ክንድ የሚሰበስብላቸው ባለ ብዙ ማርሽ ብስክሌቶች ሲስፋፉ ሽንቁሩ ወደ ታች የሚከፈት ሆነ፤ ጎማውም ወደ ፊት የሚሸሽበት መንገድ ተዘጋ። ችግሩ አንድ ማርሽ ብቻ ላላቸው ከባድ ብስክሌቶች ተረፈ። እነዚህም ውኃና ሰው የሚሸከሙት የእኛዎቹ ናቸው።

አሁን ወደ ክሱ እንመለስ። ሽማግሌው ብስክሌቷን ገልብጠው ጎማውን አሽከረከሩ። «ቸርኬው ወዲያና ወዲህ ቢወዛወዝ ጥፋቱ የራጂ ነው። ይህ ግን ቀጥ ብሎ ዞሮ በአንድ ወገን ብቻ ይጠጋል፤ ያልተያዘው ፔርኖው ነው» አሉ። ቀጥለው የቀኙን ዳዶ ፈቱና «ጥርስ ያላት ሮንዴላ የታለች?» ብለው ጠየቁ። እርስ በርሳችን ተያየን። ያቺን ሮንዴላ የጀሪካን መያዣውን ለማሰር ከወር በፊት ፈትተን የወሰድናት እኛው ነበርን፤ በምትኳ ለስላሳዋን አድርገናል። ቀጥሎ በጣታቸው ሽንቁሩን ዳሰው ዘይቱን አሳዩን። ዝገት እንዳይበላት ብለን በየማታው እስከ ቴላዮው ድረስ ዘይት እናጠጣት ነበር። ዘይት ለዳዶው ጥርስ መልካም ነው፤ ዳዶውና ሮንዴላው ቴላዮውን በሚቆነጥጡበት ፊት ላይ ግን ያንሸራትታል። ልጁ በእርግጥም አጥብቆት ነበር።

ሥራውን የሠራው ራሱ ወጣቱ ነው፤ ሽማግሌው ቆመው ያዩ ነበር። ዘይቱን በአመድና በጨርቅ ጠረገ፤ ሮንዴላው የሚነክስበትን ቀለም እስከ ብረቱ ፋቀ። ባለ ጥርስ ሮንዴላዎችን በቴላዮውና በዳዶው መካከል አስገባ። የሽንቁራችን አፍ ወደ ኋላ የሚከፈት ስለሆነ ከአሮጌ አልጋ ብረት ጠፍጣፋ ቆርጦ፣ በአንድ ጫፉ ፔርኖው የሚገባበት ቀዳዳ በስቶ፣ በሌላው ጫፍ ከቴላዮው ጀርባ ላይ የሚደገፍ ብሎን አበጀለት፤ ይህ በቀኝ በኩል ካቴናው ወደ ፊት ሲስብ ወደ ኋላ ይዞ የሚያስቀር ነው። ከዚያ ካቴናውን በጣት ሲጫኑት አንድ ሳንቲሜትር ያህል እንዲረግብ አድርጎ የቀኙን ዳዶ በመጠኑ ያዘ፤ ጎማውን በእጁ ገፍቶ ከሁለቱ ቱቦዎች መካከል አስተካከለና የግራውን አጠበቀ፤ በመጨረሻም ሁለቱን ተራ በተራ ጨረሰ።

ይቅርታ ጠየቅነው። የከለከልነውን ዋጋ ስንሰጠው ቆጥሮ ተቀበለና የሁለቱ ሮንዴላና የብሎኑ ሒሳብ እንደሚቀር ነገረን። ከፈልን። ብስክሌቷ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሠርታልናለች፤ ጎማው የፋቀው የግራ ቱቦ ግን ቀለም ሳይቀባ ቀረ።