አግባቢ፦ ላፕቶፕንና ሊኑክስን የሚያነጋግረው ፕሮግራም

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 2018 ዓ.ም. ሲያቆም፣ ሊኑክስን ለመሞከር ሲያስቡ የቆዩ ሰዎች አንድ ተጨማሪ ምክንያት አገኙ። ሊኑክስ በነጻ የሚገኝ፣ ሶርስ ኮዱ ለሁሉም የተገለጠ ሥርዓተ ክወና ነው። ለእሱ የሚሆን፣ በቦርሳ ተይዞ የሚዋልበት ቀላል ላፕቶፕ ሲፈለግ ታዲያ ጥያቄዎቹ የታወቁ ናቸው፦ ፕሮሰሰሩ ስንተኛ ትውልድ ነው? ራሙ ስንት ጊጋ ነው? ስንት ኪሎ ይመዝናል? ሦስቱም ተገቢ ናቸው። ላፕቶፑ ከሊኑክስ ጋር መስማማት አለመስማማቱን የሚወስነው ግን አራተኛ ነገር ነው፤ ድራይቨር። በዚህ ጽሑፍ «አግባቢ» እለዋለሁ።

አግባቢ አንድን የኮምፒውተር ክፍል ከሥርዓተ ክወናው ጋር የሚያነጋግር ፕሮግራም ነው። ዋይፋዩ፣ ድምፁ፣ ካሜራው፣ የስክሪኑን ምስል የሚሠራው የግራፊክስ ቺፕ፣ እያንዳንዳቸው ትእዛዝ የሚቀበሉት በየራሳቸው መንገድ ነው። የሥርዓተ ክወናው አስኳል፣ ከርነል የሚባለው ክፍል፣ «ይህን መልእክት ላክ» ቢል የዋይፋይ ቺፑ አይገባውም። አግባቢው ነገሩን ቺፑ ወደሚያውቃቸው ትእዛዞች ይለውጣል፤ የቺፑንም ምላሽ ለከርነሉ ያደርሳል። ትውውቁ የሚጀምረው በቁጥር ነው። ቺፑ ማን እንደሆነ ሲጠየቅ ሁለት መለያ ቁጥሮች ይሰጣል፤ አንዱ የአምራቹ፣ ሌላው የራሱ የቺፑ። የኢንቴል መለያ 8086 ነው፤ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣው ዝነኛ ፕሮሰሰር መጠሪያ። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ከርነሉ ቁጥሮቹን ይሰበስብና «እነዚህን አውቃቸዋለሁ» የሚል አግባቢ ይፈልጋል። ካገኘ ክፍሉ ይሠራል። ካላገኘ ቺፑ ምንም ያህል ጤነኛ ቢሆን እንደሌለ ይቆጠራል።

ድራይቨር በቀጥታ ሲመለስ «ነጂ» ይሆናል። እኔ የማልመርጠው ነጂ መሪውን የያዘ፣ በራሱ የሚወስን ስለሚመስል ነው። ይህ ፕሮግራም ውሳኔ የለውም፤ የሚያዘው ከርነሉ፣ የሚፈጽመው ቺፑ ነው። የእሱ ሥራ በመካከል ቆሞ ሁለቱን ማግባባት ብቻ ነው። «አስተርጓሚ»ም ይቀርባል፤ ነገር ግን በፕሮግራም አጻጻፍ ሌላ ዓይነት ሶፍትዌር በዚህ ስም ይታወቃል። ጥገና ቤት ሲኬድ ድራይቨር መባሉ አይቀርም። ነገሩን ለጀማሪ ለማስረዳት ግን አግባቢ የሚለው ቃል ሥራውን ራሱ ይናገራል።

ሊኑስ ቶርቫልድስ በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1991 ይፋ ያደረገው የሊኑክስ ከርነል ከዊንዶውስ ከሚለይባቸው ነገሮች አንዱ የአግባቢዎቹ መኖሪያ ነው። በዊንዶውስ ልማድ አግባቢውን የሚጽፈውና የሚያድሰው የዕቃው አምራች ነው፤ አምራቹ ሲተወው ዕቃውም አዲሱ ዊንዶውስ ላይ ዋጋ ሊያጣ ይችላል። በሊኑክስ አብዛኞቹ አግባቢዎች ከከርነሉ ሶርስ ኮድ ጋር አብረው ይኖራሉ። እንዲያውም ከኮዱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው እነሱ ናቸው። አንዴ የገባ አግባቢ ከከርነሉ ጋር አብሮ ይታደሳል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የሌኖቮ ላፕቶፕ፣ ቲንክፓድ ኤክስ230፣ የኢንቴል ዋይፋይ ካለው፣ ከዓመታት በኋላ የወጣ ኡቡንቱ የተባለ የሊኑክስ ስርጭት (ከርነሉ ከሌሎች ፕሮግራሞች ጋር ተሰናድቶ የሚቀርብበት ጥቅል) ሲጫንበት ያለ ልፋት የሚሠራው በዚህ ምክንያት ነው።

ይኸው አሠራር በጣም አዲስ የሆነን ላፕቶፕ ደግሞ አስቸጋሪ ያደርገዋል። አዲስ የከርነል እትም በየዘጠኝና አሥር ሳምንቱ ይወጣል፤ እንደ ዴቢያን ያሉ ስርጭቶች ግን አስተማማኝነትን ስለሚያስቀድሙ በአንድ እትም ላይ ለዓመታት ይቆያሉ። ባለፈው ወር ገበያ ላይ የዋለ ቺፕ ከሁለት ዓመት በፊት በወጣ ከርነል ውስጥ አግባቢው ላይኖር ይችላል። ስለዚህ «የዘንድሮ ሞዴል ነው» የሚለው የሻጭ ሙገሳ ሊኑክስ ለሚጭን ሰው ማስጠንቀቂያ ነው። አንድ ሁለት ዓመት ያለፈው ሞዴል ይሻላል፤ ዋጋውም ይቀንሳል።

የክብደት ነገር የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ላፕቶፕ ከሚቀጥንባቸው መንገዶች አንዱ ክፍሎቹን በሚነቀል ካርድ ፋንታ ዋናው ቦርድ ላይ መበየድ ነው። በወፍራም ላፕቶፕ አግባቢ የሌለው ዋይፋይ ቢያጋጥም ብዙ ጊዜ ካርዱ ተነቅሎ በኢንቴል ካርድ ይተካል። በቀጭኑ ግን ብዙ ጊዜ ራሙ፣ አንዳንዴም ዋይፋዩ፣ አይነቀሉም፤ በግዢው ዕለት የነበረው እስከ መጨረሻው ይኖራል። ቀላል ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ስለ አግባቢ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ለዚህ ነው። ራሙንም አቅም ከፈቀደ ከመጀመሪያው 16 ጊጋባይት ማድረግ ነው፤ በኋላ መጨመር ላይቻል ይችላል።

ዋይፋዩ የኢንቴል ከሆነ ትልቁ ጭንቀት ይቀላል። አግባቢው ከርነሉ ውስጥ አለ፤ ቺፑ ራሱ የሚጠይቀውን ዝግ ፈርምዌርም (ቺፑ ውስጥ የሚሠራውን፣ ሶርስ ኮዱ ያልተገለጠ ፕሮግራም) ዴቢያን እንኳን እ.ኤ.አ. በ2023 ከወጣው 12ኛ እትሙ ጀምሮ በመደበኛው መጫኛ ውስጥ አካቶታል። ብዙዎቹ የብሮድኮም ቺፖች ግን ለብቻው የሚጫን ዝግ አግባቢ ይፈልጋሉ። እሱን ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ ኢንተርኔቱ የሚመጣው ደግሞ በዚያው ዋይፋይ ነው። እዚህ አጣብቂኝ ውስጥ የገባ ሰው የአንድሮይድ ስልኩን በዩኤስቢ ገመድ አገናኝቶ ዳታውን ቢያጋራ ይወጣል፤ ለዚያ የሚሆነው አግባቢ ከርነሉ ውስጥ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ግራፊክሱ የኢንቴል ወይም የኤኤምዲ ቢሆን እመርጣለሁ። የጣት አሻራ ማንበቢያው ባይሠራ ጉዳቱ ትንሽ ነው። ካሜራው ግን መሞከር አለበት፤ በአንዳንድ አዳዲስ ቀጫጭን የኢንቴል ላፕቶፖች ካሜራው እንደ ድሮው በዩኤስቢ መንገድ ስላልተያያዘ ሊኑክስ ላይ አስቸግሯል።

ብዙ ሰው የሚረሳው ክዳኑ ሲዘጋ ላፕቶፑ የሚገባበትን እንቅልፍ ነው። የቀድሞው ከባድ እንቅልፍ፣ ኤስ3 የሚባለው፣ ከራሙ በቀር ሁሉን ነገር ያጠፋል ማለት ይቻላል፤ ዊንዶውስ በኋላ ያመጣው ግማሽ እንቅልፍ ግን ማሽኑን እንደ ስልክ ነቃ ያደርገዋል። 1.13 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝነው ስድስተኛው ትውልድ ቲንክፓድ ኤክስ1 ካርበን እ.ኤ.አ. በ2018 ሲወጣ ኤስ3 አልነበረውም። ሊኑክስ የጫኑበት ሰዎች ቦርሳ ውስጥ የከተቱት ላፕቶፕ ሳይሠራ ባትሪው ያልቅባቸው ጀመር። ሌኖቮ በዚያው ዓመት ባዮሱን (ሥርዓተ ክወናው ከመነሳቱ በፊት የሚሠራውን የማሽኑን መነሻ ፕሮግራም) አሻሽሎ በእንቅልፍ ምርጫው ላይ «ሊኑክስ» የሚል አማራጭ ጨመረ፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ ስምንተኛውን ትውልድ ፌዶራ ሊኑክስ ጭኖ መሸጥ ጀመረ። ዴል ኤክስፒኤስ 13ን ኡቡንቱ ጭኖ ለፕሮግራም ጸሐፊዎች ማቅረብ የጀመረው ከዚያ ቀድሞ እ.ኤ.አ. በ2012 ነበር። አምራቹ ራሱ ሊኑክስ ጭኖ የሸጠው ሞዴል ያገለገለ ሆኖ ሲገኝ ትልቅ ዕድል ነው፤ አግባቢዎቹ ተፈትነዋል ማለት ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ደግሞ በእንቅልፍ ጊዜ የሚቆጠብ ባትሪ ትርጉሙ ብዙ ነው።

ማክቡክ ኤር ያማልላል፤ ቀላል ነው፣ ያምራል። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በወጡት፣ ቲ2 የተባለው ቺፕ ባለባቸው የኢንቴል ሞዴሎች ግን ኪቦርዱና የጣት መዳሰሻው ጭምር ለብቻው የሚጫን አግባቢ ፈልገዋል። አፕል የራሱን ኤም1 ቺፕ ሲያወጣ ሊኑክስን በአፕል ቺፖች ላይ የሚያስኬደው የአሳሂ ሊኑክስ ገንቢዎች ከአምራቹ ሰነድ ሳያገኙ የቺፑን ጠባይ እያጠኑ አግባቢዎቹን አንድ በአንድ ጻፉ። ቶርቫልድስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2022 የከርነሉን 5.19 እትም ያወጣው አሳሂ ከተጫነበት የአፕል ላፕቶፕ ነው። ትልቅ ሥራ ነው፤ ለጀማሪ ግን የመጀመሪያ ምርጫ አላደርገውም።

ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን ላፕቶፕ የሚያመጣ ዘመድ ካለ፣ ከመክፈሉ በፊት ዊንዶውስ ላይ «ዲቫይስ ማናጀር» የሚባለውን ከፍቶ «ኔትወርክ አዳፕተርስ» ከሚለው ሥር ያለውን ስም ፎቶ አንስቶ ይላክልዎ። የሞዴሉ ስም ብቻ አይበቃም፤ አንድ ስም ያላቸው ሁለት ላፕቶፖች የተለያየ ዋይፋይ ሊይዙ ይችላሉ። እዚሁ ከሱቅ ሲገዙ ደግሞ ኡቡንቱ የተሰናዳበት ፍላሽ ይዘው ይሂዱ። ላፕቶፑ ውስጥ ያለውን ሳይነካ ከፍላሹ ይነሳል። ዋይፋዩን ከስልክዎ ያገናኙት፣ ድምፅ ያጫውቱ፣ ካሜራውን ይክፈቱ፣ ክዳኑን ዘግተው ጥቂት ቆይተው ይክፈቱት። ከፍላሽ አልነሳ ካለ ባዮሱ በይለፍ ቃል ተቆልፎ ይሆናል፤ ከድርጅት ወጥተው ለገበያ በሚቀርቡ ያገለገሉ ላፕቶፖች ላይ ያጋጥማል። ሻጩ ፊትዎ ካልከፈተልዎ ዋጋውን ቢቀንስም አይግዙት።