ግንቡ ተያዘ፣ ቋንቋው ተረፈ
(የካስትሪዮቲ ቤት አጭር ታሪክ)

ዛሬ አልባኒያ በምትባለው የባልካን አገር ካስትሪዮቲ የሚባል የመሳፍንት ቤት ነበር። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) የቤቱን ስም ከፍ ያደረገው ጆን ካስትሪዮቲ ሲሆን፣ በ1420 የራጉዛ ነጋዴዎች በግዛቱ እንዲያልፉ የፈቃድ ደብዳቤ ሰጥቷል። በንግድ ለምንተዳደር ሰዎች ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ መንገዱን ሰላም ያደረገ ሰው ቀረጥም ወዳጅም ያገኛል።

ይሁን እንጂ የኦቶማን ቱርክ ኃይል እየበረታ በመምጣቱ ጆን ለሱልጣኑ ገበረ፤ ልጁንም መያዣ አድርጎ ሰጠ። ይህ ልጅ ጌርጅ፣ በእኛ አጠራር ጊዮርጊስ ነው። በሱልጣኑ ቤት አድጎና ሰልሞ የጦር አለቃ ሲሆን ቱርኮች እስክንድር በይ አሉት። አውሮፓውያን ስካንደርቤግ የሚሉት እርሱን ነው።

በ1443 ቱርኮች ኒሽ ላይ ሲሸነፉ ጌርጅ ጦሩን ትቶ አገሩ ገባ፤ የክሩያንም ግንብ ያዘ፤ ወደ ክርስትናውም ተመለሰ። በ1444 እርስ በርስ ሲጣሉ የኖሩትን መሳፍንት ሌዣ ላይ ሰብስቦ አንድ አደረጋቸው። አንድነቱ ግን ቀላል አልነበረም፤ የገዛ ወንድሙ ልጅ ሐምዛ እንኳ ከድቶት ወደ ቱርኮች ገብቷል። ያም ሆኖ ክሩያ በ1450፣ በ1466 እና በ1467 ተከብባ አልተያዘችም።

ጌርጅ በ1468 ሌዣ ላይ ሞተ። ከ10 ዓመት በኋላ ክሩያ በቱርኮች እጅ ወደቀች። ባለቤቱ ዶኒካና ልጁ ጆን ባሕር ተሻግረው ወደ ናፖሊ መንግሥት ተሰደዱ። በዚያ የተሰጣቸው ርስትም ቆይቶ በጋብቻ ለሌላ ቤት አለፈ።

በዚያ ዘመን የተሻገሩት ግን መሳፍንቱ ብቻ አልነበሩም። ገበሬውና ወታደሩ በደቡብ ጣሊያንና በሲሲሊ መንደሮች መሠረቱ፤ አርበሬሽ ይባላሉ። ከመንደሮቻቸው አንዷ ፒያና ደሊ አልባኔዚ በ1488 ተቆረቆረች። ግንብም ርስትም ያልነበራቸው እነዚህ ሰዎች ቋንቋቸውንና የምሥራቁን ሥርዓተ ቅዳሴ ከ500 ዓመት በላይ ጠብቀዋል። የጣሊያን መንግሥትም በ1999 ለቋንቋቸው በሕግ ጥበቃ ሰጠ።

ሁሉም መንደር ግን አልቀናውም። ወላጆች ከልጆቻቸው ጋር በቋንቋቸው ማውራት በተዉበት ቦታ ቋንቋው ጠፍቷል። ስለዚህ በሰው አገር ማኅበር መሥርተን ለምንኖር ሁሉ፣ ከጀግናው ከስካንደርቤግ ይልቅ ከእነዚህ መንደርተኞች የምንማረው ይበዛል።