የንግድ ድርጅት የኤሌክትሪክ ውል ሲያበቃ ምን ይከተላል? የታኮማ ተሞክሮ

የአንድ ንግድ ድርጅት የኤሌክትሪክ ውል ዘመኑ ሲያበቃ አብዛኛውን ጊዜ መብራቱ በዚያው ቀን አይጠፋም። የሚለወጠው ዋጋው ነው። በውሉ ዘመን ጸንቶ የቆየው ታሪፍ ያበቃና ደንበኛው አቅራቢው ወይም ገበያው በወሰነው ዋጋ መክፈል ይጀምራል። ይህ ልዩነት ለአነስተኛ ምግብ ቤት የወር ትርፉን፣ ለትልቅ ፋብሪካ ደግሞ ህልውናውን ሊነካ ይችላል። ከሲያትል በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ታኮማ የጉዳዩን ሁለት ገጽታ አሳይታለች።

ውሉ ሲያልፍ

ደንበኛው አቅራቢውን በሚመርጥበት ገበያ የውሉ ማብቂያ ቀን ትልቅ ትርጉም አለው። በቴክሳስ ግዛት ሂውስተንና ዳላስ ውስጥ ነጋዴዎች ከተለያዩ ኩባንያዎች ጋር ለተወሰነ ጊዜ ዋጋው የማይለወጥ ውል ይፈራረማሉ። ጊዜው ሲያልፍ አዲስ ውል ያልመረጠ ደንበኛ ኃይል ማግኘቱን ይቀጥላል፤ ሆኖም ከወር ወር ሊለዋወጥ በሚችል ዋጋ ይከፍላል። በብሪታንያም ውሉን ያላደሰ ድርጅት ከውል ውጭ በሆነ ታሪፍ የሚስተናገድ ሲሆን፣ ይህም በአብዛኛው በስምምነት ከተገኘው ዋጋ ይወደዳል።

በታኮማ ግን ሁኔታው የተለየ ነው። የከተማዋ ነዋሪዎች የግል የመብራትና የውሃ ኩባንያውን ለመግዛት እ.ኤ.አ. በ1893 በድምፃቸው ወሰኑ። ከዚያ ወዲህ ኤሌክትሪክ የሚያቀርበው የከተማዋ ንብረት የሆነው ታኮማ ፓወር ነው። አንድ ባለ ሱቅ አቅራቢ አያማርጥም፤ የሚያበቃ ውልም የለውም። የሚከፍለው በይፋ በወጣ ታሪፍ ነው። ታሪፉ የሚለወጠው የሕዝብ አገልግሎት ቦርዱና የከተማው ምክር ቤት ሲያጸድቁት ብቻ ነው።

ይህ አሠራር ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። በኢትዮጵያም የነጋዴው ሂሳብ የሚሰላው መንግሥት በሚያወጣው ታሪፍ ነው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ተግባራዊ የሆነው ማሻሻያ ዋጋው በአራት ዓመታት ውስጥ በየሦስት ወሩ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር የሚያደርግ ነው።

የአልሙኒየም ፋብሪካው

በታኮማ ወደብ አካባቢ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት የተሠራ የአልሙኒየም ማቅለጫ ነበር፤ በኋላም የካይዘር ኩባንያ ንብረት ሆነ። አልሙኒየም የሚመረተው ብዙ ኤሌክትሪክ ያለማቋረጥ በማስተላለፍ ነው፤ ኃይል ለሰዓታት ከተቋረጠ ቀልጦ ያለው ብረት በማቅለጫው ውስጥ ይረጋል። በመሆኑም የአካባቢው ማቅለጫዎች የፌዴራል ግድቦችን ኃይል ከሚሸጠው ከቦነቪል አስተዳደር ጋር ውል ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1996 የጀመረው የአምስት ዓመት ውል የሚያበቃው ሴፕቴምበር 30 ቀን 2001 ነበር።

ማቅለጫዎቹ ከፊሉን ኃይል ከገበያ መግዛት በጀመሩበት በዚያው ዘመን የአሜሪካ ምዕራባዊ ክፍል በኃይል ቀውስ ተመታ። በ2000 የጅምላ ዋጋ አሻቀበ፤ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ በኮሎምቢያ ወንዝ ተፋሰስ ድርቅ ተከሰተ። የታኮማው ማቅለጫ በ2000 አጋማሽ ሥራ አቆመ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞችም ሥራቸውን አጡ። በኦክቶበር 2001 አዲሱ የውል ዘመን ሲጀምር የቦነቪል ታሪፍ ከ40 በመቶ በላይ ከፍ ብሎ ነበር። በ2002 ካይዘር የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ማቅለጫው ዳግመኛ አልተከፈተም፤ መሬቱም ወደ ታኮማ ወደብ ዞረ።

ቀውሱ ቋሚ ውል የሌላቸውን ትናንሽ ደንበኞችም አልማረም። ታኮማ ፓወር ከገበያ በውድ የገዛውን ኃይል ለማካካስ በሂሳባቸው ላይ ጊዜያዊ ተጨማሪ ክፍያ ጣለ። የሕዝብ ታሪፍ ድንገተኛ የዋጋ ለውጥን ያበርዳል እንጂ ፈጽሞ አያስቀረውም።

ከተማዋም ውል አላት

ታኮማ ፓወር የራሱ ግድቦች ቢኖሩትም ከሚያቀርበው ኃይል ግማሽ ገደማ የሚሆነውን ከቦነቪል ይገዛል። እ.ኤ.አ. በ2011 የጀመረው ውል የሚያበቃው ሴፕቴምበር 30 ቀን 2028 ሲሆን፣ ቀጣዩ የውል ዘመን እስከ 2044 የሚዘልቅ ነው። ቦነቪል አዲሱን ውል ለደንበኞቹ ያቀረበው በ2025፣ ማለትም ነባሩ ከማብቃቱ ሦስት ዓመት ያህል አስቀድሞ ነው። የባለ ሱቁ ውል ባያበቃም ሱቁን የሚያበራው ኃይል በውል የተገዛ ነው፤ በዚያ ውል ላይ የሚደረግ የዋጋ ለውጥ ውሎ አድሮ ከሱቁ ይደርሳል።

ነጋዴው ምን ሊያደርግ ይችላል?

አቅራቢ በሚመረጥበት አካባቢ የሚሠራ ነጋዴ ሦስት ነገሮችን ከውሉ ላይ ማጣራት ይኖርበታል፤ የማብቂያውን ቀን፣ ካላደሰ በስንት ዋጋ እንደሚከፍልና አስቀድሞ ቢወጣ የሚጠየቀውን ቅጣት። አዲስ ዋጋ ማጠያየቅ የሚሻለውም ጊዜው ከማለፉ ከወራት በፊት ነው።

እንደ ታኮማ ባለ ከተማ ደግሞ የሚጠቅመው የታሪፍ ማሻሻያ ሲቀርብ መከታተልና ክፍት በሆኑት የቦርዱና የምክር ቤቱ ስብሰባዎች ላይ አስተያየት መስጠት ነው። ሱቁን የሚዘጋ ወይም የሚያዛውር ሰውም ሂሳቡን በስሙ ማዘጋት አለበት፤ ያለዚያ ሌላው የተጠቀመበት ኤሌክትሪክ በእርሱ ስም ሊቆጠር ይችላል።