ከመነጽር በፊት የነበረው ማነጣጠሪያ

አፄ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. የክተት አዋጅ አስነግረው ጦራቸውን ወረኢሉ ላይ ባሰባሰቡ ጊዜ፣ ከኩታበር እስከ ቦረና ባለው የወሎ ደጋም ሆነ በሌላው አገር ከሚታወቁት ጠመንጃዎች አንዱ ውጅግራ፣ ማለትም አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርሰው ባለ 11 ሚሊሜትር የፈረንሳይ ጠመንጃ ነበር። ውጅግራ ዒላማን አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ባይኖረውም፣ ከአፈሙዙ ጉጥ ጋር የሚስተካከል፣ የርቀት ቁጥር የተቀረጸበት ተነሺ ብረት ነበረው፤ ተኳሹ በብረቱ ላይ ያለችውን ተንሸራታች ወደ ላይ በገፋ መጠን አፈሙዙ ቀና ስለሚል፣ ከባዱ የእርሳስ ዓረር በርቀት የሚያጣው ከፍታ አስቀድሞ ይካካሳል። አስቸጋሪው ግን ርቀቱን በዓይን መገመቱ ነበር፤ በገደል ማዶ (ወሎ ደግሞ ገደል አያጣም) ያለ ዒላማ ቀርቦ ይታያልና። ዛሬም ለረጅም ርቀት መነጽር የሚመርጥ አዳኝ ከማጉያ አቅሙ አስቀድሞ የከፍታ ማስተካከያውን ሊመረምር ይገባል።