የፍሎረሰንስ ልኬት ከመሣሪያ መሣሪያ የሚለያይበት ምክንያትና አፈታቱ

የፍሎረሰንስ መለኪያ የሚያወጣው ቁጥር እንደ ክብደት ወይም እንደ ርዝመት የታወቀ አሃድ የለውም። የሚወሰነው በናሙናው ብቻ ሳይሆን በመብራቱ ኃይል፣ ብርሃኑ በሚያልፍበት ስንጥቅ ስፋት፣ በፎቶመልቲፕላየሩ ላይ በተጫነው ቮልቴጅና ናሙናው በተቀመጠበት ዕቃ ጭምር ነው። ስለዚህ አንድ መሣሪያ 900 ያለውን ናሙና ሌላው 40,000 ቢለው አንዳቸውም አልተሳሳቱም። ስሕተት መኖሩ የሚታወቀው የናሙናዎቹ ምጥጥን ሲዛባ ነው፤ የብላንኩ (የሚለካው ነገር የሌለበት ፈሳሽ) ንባብ ከተቀነሰ በኋላ በአንዱ መሣሪያ እጥፍ የሆነው ናሙና በሌላው እጥፍ ሳይሆን ሲቀር ማለት ነው።

የስሕተቱን ምንጭ ፍለጋ ከናሙና መያዣው መጀመር ይሻላል። ለአብሶርባንስ የሚያገለግለው ኩቬት ጥርት ያለው በሁለት ጎኑ ብቻ ነው። በተለመደው ስፔክትሮፍሎሮሜትር ግን የሚፈነጥቀው ብርሃን የሚሰበሰበው ማነቃቂያው ብርሃን ከሚያልፍበት አቅጣጫ በ90 ዲግሪ ስለሆነ አራቱም ጎኖች ጥርት ማለት አለባቸው። የፕሮቲን ትሪፕቶፋን በ280 ናኖሜትር ሲነቃቃ ደግሞ ኳርትዝ ግድ ነው፤ ፖሊስታይሪን በዚህ የሞገድ ርዝመት ብርሃኑን ይመጥጣል፣ እሱ ራሱም ይፈነጥቃል።

እምብዛም ልብ የማይባለው የመስኮቱ ከፍታ ነው። ጨረሩ ከኩቬቱ ወለል በላይ የሚያልፍበት ከፍታ እንደየአምራቹ 8.5፣ 15 ወይም 20 ሚሊሜትር ነው። በ8.5 መስኮት ያለው ጥቁር ማይክሮ ኩቬት ጨረሩ በ15 በሚያልፍበት መሣሪያ ውስጥ ሲገባ ብርሃኑ ግድግዳውን ይመታና ንባቡ ከብላንኩ ብዙም አይለይም። ያኔ ናሙናው ተበላሽቷል ተብሎ እንደገና ይዘጋጃል፣ ውድ ፕሮቲንም በከንቱ ያልቃል። የጨረሩን ከፍታ ለማወቅ የብርሃን ተቀባዩን ዘግቶ፣ ማነቃቂያውን ወደ 520 ናኖሜትር አምጥቶ፣ በኩቬቱ ቦታ ቁራጭ ነጭ ወረቀት ማቆም በቂ ነው፤ አረንጓዴው ነጥብ የሚያርፍበት ቦታ በዓይን ይታያል።

ምጥጥንን ከሁሉ በላይ የሚያዛባው የናሙናው መወፈር ነው። በ10 ሚሊሜትር ኩቬት ንባቡ የሚወሰደው ከመካከሉ ስለሆነ ማነቃቂያው እዚያ ለመድረስ 5 ሚሊሜትር ያቋርጣል። በማነቃቂያው የሞገድ ርዝመት አብሶርባንሱ 0.1 ከሆነ በመንገድ ላይ 11 በመቶ ያህሉ ይጠፋል፤ 1 ከሆነ ግን መካከሉ ላይ የሚደርሰው ሲሶው ብቻ ነው። ከላይ የሚያነብ ፕሌት ሪደር ሌላ ጂኦሜትሪ አለው፤ የፈሳሹ ጥልቀትም በተጨመረው መጠን ይወሰናል። በመሆኑም ያው የናሙና ተከታታይ በአንዱ ቀጥተኛ መስመር፣ በሌላው ጎባጣ ይሆናል። ናሙናውን በግማሽ ማቅጠን ጉዳዩን ይለያል፤ ንባቡ በግማሽ ካልቀነሰ፣ ይባስ ብሎም ከጨመረ፣ ናሙናው ወፍራም ነው። የተቀባዩ መሙላትም ተመሳሳይ ጉብጠት ያመጣል፤ እሱ ግን የማነቃቂያው ብርሃን ሲቀነስ ይስተካከላል፣ ውፍረቱ የፈጠረው አይስተካከልም።

ለፕሌት ሪደር ጥቁር ፕሌት ይመረጣል። ነጩ ምልክቱን ቢያጎላም ከጎረቤት ጉድጓድ የሚመጣውንም ብርሃን ያጎላል። የአየር አረፋ፣ ከዳር ጉድጓዶች የሚተን ውሃና ያልተስተካከለ የማንበቢያ ከፍታም ንባብን ይበትናሉ።

ስፔክትረም ላይ ያልተጠበቀ ጫፍ ከታየ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የውሃ ራማን፣ ማለትም ውሃው ራሱ የሚበትነው ብርሃን፣ ነው። ማነቃቂያው 350 ናኖሜትር ሲሆን ጫፉ 397 አካባቢ ይወጣል፤ ማነቃቂያው ወደ 340 ሲወርድ እሱም ወደ 384 ይከተለዋል። የፍሎረሰንስ ጫፍ ግን አብዛኛውን ጊዜ ባለበት ይቆያል። በ280 ሲነቃቃ 560 ላይ የሚታየው ቀጭን ጫፍ ደግሞ ከሞኖክሮማተሩ ሁለተኛ ደረጃ የሚመጣ ነው፤ አጭሩን ሞገድ የሚያግድ ፊልተር ያስወግደዋል።

መሣሪያዎቹን ለማስታረቅ አንድ ማነጻጸሪያ በሁለቱም ይለካል። ጆርጅ ስቶክስ በ1852 ያጠናው ኩዊኒን በቀጭን የሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ለዚህ ዛሬም ያገለግላል፤ ክሎራይድ ፍሎረሰንሱን ስለሚያጠፋው ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አይተካም። ፍሎረሴይን ከተመረጠ ብርሃኑ በፒኤች ስለሚለዋወጥ ፒኤቹ ወደ 9 ከፍ ይደረጋል። ማነጻጸሪያው ተስማምቶ ናሙናው ብቻ ሲለያይ ሙቀት፣ ፒኤችና በብርሃን መደብዘዝ ይመረመራሉ። ለመደብዘዙ ማነቃቂያውን ሳይዘጉ ንባቡን ለጥቂት ደቂቃ መከታተል ይበቃል፤ ቀስ በቀስ ወርዶ ኩቬቱ ሲበጠበጥ መልሶ ከፍ ካለ የደበዘዘው በጨረሩ መንገድ ላይ የነበረው ቀለም ነው።