ሃይፖቴኑስን ‹ውጥር› እንበለው

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ የሒሳብ የቤት ሥራዋን ይዛ መጣች። ከስልኳ ቪዲዮ የተማረችውን እያስታወሰች «የምንፈልገው ሰያፍ ጎኑን ነው» አለችና ጣቷን አንዱ ጎን ላይ አሳረፈች። የተሳሳተው ጎን ነበር። ግን አልፈርድባትም፤ ደብተሯ ላይ የተሳለው ጎነ ሦስት ከ90 ዲግሪው ማዕዘን ፊት ለፊት ያለው ሃይፖቴኑሱ ከታች ተጋድሞ፣ ማዕዘኑ ወደ ላይ ቀና ብሎ ነው። ሰያፍ ሆነው የሚታዩት ሌሎቹ ሁለቱ ናቸው።

ይህ ለሃይፖቴኑስ ‹ሰያፍ ጎን› የሚሉት ትርጉም ከዚያ ወዲህ እረፍት ነስቶኛል። ሰያፍነት የአቀማመጥ ጉዳይ ነው፤ ደብተሩ ሲዞር ይጠፋል። ‹ረጅሙ ጎን› የሚሉም አሉ። መርዘሙንስ ይረዝማል፣ ግን የ90 ዲግሪ ማዕዘን የሌለው ጎነ ሦስትም ረጅም ጎን ሊኖረው ይችላል። ሃይፖቴኑስ ብሎ መተውም ይቻላል፤ ባንክንና ሬዲዮን ተቀብለን የለም? ይህኛው ግን ለልጅ ዓይን የሚያሳየው ነገር የለውም።

ግሪኮቹ ስሙን ሲያወጡ ያሉት «ከሥር የተወጠረ» ነው፤ ከማዕዘኑ ፊት ለፊት የተዘረጋ ማለታቸው ነው። ዐረብኛ ይህንኑ ጎን ‹ወተር›፣ ዕብራይስጥ ‹የተር› ይለዋል፤ ሁለቱም የቀስት ጅማት ናቸው። እኛስ? ወጠረ አለን! ከበሮ በቆዳ፣ ድንኳን በገመድ፣ አልጋ በጠፍር ይወጠራል። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውን የባሕር ዳሩን 380 ሜትር የዓባይ ድልድይ ተመልከቱ፤ ከምሰሶው ወደ ወለሉ የወረደው እያንዳንዱ ገመድ ተወጥሮ ጎነ ሦስት ሠርቷል።

እዚሁ ባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር ብዙም ሳይርቅ፣ የቤት መሠረት ሲቀየስ ቆሜ አይቻለሁ። ግንበኛው ከማዕዘኑ በአንዱ ሲባጎ ላይ 60 ሳንቲም፣ በሌላው ላይ 80 ሳንቲም ለክቶ ምልክት አደረገ። ከዚያ ሜትሩን ከምልክት ምልክት ዘርግቶ ረዳቱን «ወጥረው!» አለው። ልክ 100 ሲመጣ «ስኳድራ ነው» (90 ዲግሪ ሆኗል) ብሎ ችካሉን መታ። የፓይታጎረስ ሕግ በአማርኛ ሲሠራ ይህን ይመስላል፤ ስሙንም ግንበኛው ተናግሮታል፦ ውጥር።

እስቲ 80ው ጠፋን እንበል። ‹ሀ› ብለን እንሰይመው። ‹ሀ› በራሱ ተባዝቶ የ60 ካሬ 3,600 ሲጨመርበት የውጥሩ ካሬ 10,000 ይሆናል። ከሁለቱም ወገን 3,600 ስናነሳ 6,400 ይቀራል፤ በራሱ ተባዝቶ ይህን የሚሰጥ ርዝመት 80 ነው። ልጅቷ እንዲህ መስመር በመስመር ስትሠራው አንድም ቦታ አልተደናቀፈችም።

ከውጥረት ጋር ይምታታል የሚለኝ አይጠፋም። ውጥረት ሁኔታው ነው፣ ውጥር የተወጠረው ነገር ራሱ። ቁርጥና ቁርጠትም ከአንድ ሥር ወጥተዋል፤ ቁርጥ አዝዞ ቁርጠት የቀረበለት ሰው ግን አላውቅም። ቋንቋው ይህን ያህል አቅም እያለው አማርኛ ለሒሳብ አይመችም ሲባል ያመኛል።

ሌሎቹ ሁለቱ ጎኖች ግን ገና ስም ይፈልጋሉ። ‹ክንድ› ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን የርዝመት መለኪያም ስለሆነ ያደናግራል። ወደ ‹እግር› አዘነብላለሁ። ‹ቋሚ›ና ‹አግዳሚ›ን አልቀበልም፤ እነሱም እንደ ሰያፍ ደብተሩ ሲዞር ይፈርሳሉ።